ሦስት ማንኪያ ቡላ

ባሌ ሽብሩ ሲሞት ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» አለ። ደግ! አብሮት ያልኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሽብሩ እውነተኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ደግ ሰው «አያምሽም» ብሎ መርፌ ይወጋሻል። ሽብሩ ግን «ያማል፤ አምስት እስክትቆጥሪ ያማል፣ ከዚያ ይተዋል» ይላል። ዲላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ድሬሰር ሆኖ ሲሠራ ለአንድ ሕፃን ዋሽቶ አያውቅም። ለእኔም አይዋሽም። አዲስ ቀሚስ ለብሼ «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቀው እንኳ አይዋሽም ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በደንብ ያወቅኩት ግን በተጋባን በስምንተኛው ዓመት፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት፣ በዘይቱና ጊዜ ነው። ራሴንም ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ደስ አላለኝም።

ዘይቱና የጎረቤቶቻችን የረሻድና የረህማ ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ረሻድ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪናው ከኮቸሬና ከወናጎ ቡና እየጫነ ዲላ የሚያራግፍ ሾፌር ነው። ለመኪናው ባትሪ የሚጨምረውን አሲድ በለስላሳ ጠርሙስ አድርጎ ከበር ኋላ ያስቀምጣል። ልጅቷ ስትጫወት ውላ ጠምቷት ገባች፤ ጠርሙሱን አነሳችና ጉንጯን ሞልታ ተጎነጨች። ጩኸቷን ከእኛ ጓሮ ሆኜ ሰማሁት። እንዲያ ያለውን እግዜር ለማንም አያሰማ።

አልሞተችም። አፏ ዳነ፣ ድምጿም ተመለሰ። ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ቁራሽ ዳቦ አልወርድ አላት። ቀጥሎ ሙዝ። ቀጥሎ የራሰ ነገር ሁሉ። ውስጧ ያለው ቁስል ሲድን እየተኮማተረ የምግብ መውረጃዋን እያጠበበው ነው አለ ሽብሩ። በመጨረሻ የሚወርድላት ቀጭን ነገር ብቻ ሆነ፤ እሱንም እናቷ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገችላት ነው። ክንዷ የእኔን ሁለት ጣት አከለ።

ሽብሩ ድሬሰርነቱን የተማረው ከዲላ በስተሰሜን፣ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ነው። ደብዳቤ ጻፈላቸው። መልሱ መጣ። መውረጃዋን በመሣሪያ ማስፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥበቱ የት ላይ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ሳያዩ ቢሰዱት ይበሱታል፤ ከበሱት ደግሞ አለቀ። ማየት የሚቻለው በራጅ ነው። ልጅቷ ነጭ መድኃኒት ትውጣለች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ ሲወርድ በራጁ እየተከተለ ያያል። ይህን የሚያውቀው ሐኪም የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ለአንድ ቀን። የሚመጣበት ቀን ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ይሄ ቢያመልጣትስ?» አልኩት።

«ሌላ ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር አላት?»

«የላትም» አለ። ይኸውላችሁ፤ ሽብሩ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ችግሩን ስሙ። ዘይቱና ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርሙስ፣ ኩባያ፣ ብርጭቆ ካየች ትንቀጠቀጣለች። ከማንኪያ በቀር፣ ከእናቷ እጅ በቀር አይሆንም። ራጅ ክፍሉ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እዚያ ውስጥ ቀዝቃዛ ሰሌዳ ተደግፋ፣ በማታውቀው ሰው ፊት፣ ኩባያ ሙሉ ነጭ ነገር መጠጣት አለባት። «ያዢ» ሲሏት አፏ ውስጥ መያዝ፣ «ዋጪ» ሲሏት መዋጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ አለማልቀስ። ረህማ ደግሞ እርጉዝ ነበረች፣ ዘጠነኛ ወሯ፤ መንገዱን እንኳ አትችለውም።

«እኔ ይዣት እሄዳለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። እኔና ሽብሩ ልጅ አልወለድንም። ዘይቱና ዳዴ ካለችበት ቀን ጀምራ ግማሹን ቀን የምትውለው እኛ ቤት ነው። እወዳታለሁ ብል ያንስብኛል።

ሽብሩ ቤቴን ራጅ ክፍል አደረገብኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደው። የወጥ ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳ ላይ አቆመው፤ ሰሌዳው ይሄ ነው ተባለ። «ዶሮ ገብቶ እህሌን ይፍጀው እንግዲህ!» ብዬ ጮህኩበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሐኪሙ ዓይኑን ጨለማ ለማስለመድ ቀይ መነጽር ያደርጋል ብሎ፣ በሽቦና በቀይ የከረሜላ ወረቀት መነጽር ሠራ። እሱን አድርጎ ብቅ ሲል ዘይቱና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ለመድኃኒቱ ቡላ መረጠ። ከእንሰት ከሚገኘው ሁሉ ነጩ ቡላ ነው፤ እኛ አገር አራስና በሽተኛ የሚጠጣው። በቀጭኑ አፈላሁት። ቅቤ ጠብ ላደርግበት ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይ ካሳዬ። ያኛው ጣዕም የለውም። እዚህ ካጣፈጥሽው እዚያ ጉድ ይሠራናል።»

ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ምንም። ሽብሩ ከዘይቱና ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ከኩባያው ጠጣ፤ አፉን ከፍቶ አሳያት፤ ኩባያውን እዚያው ትቶ ወጣ። አላባበላትም፣ አልለመናትም። ሁለት ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቷን ነከር አድርጋ ላሰች። በአምስተኛው ከንፈሯን አስነካች። በስምንተኛው ቀን ጨለማው ውስጥ፣ የወጥ ቤቴን በር ተደግፋ፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ያዢ» አላት። ያዘች። «ዋጪ።» ዋጠች። እኔ ደጃፍ ላይ ሆኜ ነጠላዬን እነክሳለሁ። ግማሹን ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሆነላት። «እትዬ ካሳነሽ፣ እንለማመድ!» እያለች ገና በጠዋት በሬን ትመታለች። ሽብሩም ከሥራ ሲገባ «መድኃኒቱን አምጪ» ይለኛል፤ ቡላዬን አመጣለሁ። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ቡላን ቡላ ብሎ የጠራው የለም።

በአሥረኛው ቀን ዘይቱና ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እዚያ ስንት ጊዜ ነው የምጠጣው?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሽብሩ አለ ማለት አለ ነው። ልጅቷም ይህን ታውቃለች።

በዋዜማው በረሻድ መኪና ሄድን። መንገድ ላይ ከፔርሙስ ቡላዋን ጠጣች። ስንደርስ ሽብሩ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። «ከአሁን ጀምሮ ምንም በአፏ እንዳይገባ። ውሃም ቢሆን። ነገ ሐኪሙ እስኪጨርስ።»

«ሰማሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁ» አልኩት።

ሰምቻለሁ። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ለዚህ ማመካኛ የለኝም።

ያደርነው በሆስፒታሉ ግቢ ለአስታማሚ በተሠራ ክፍል ነው። ሲነጋ ሽብሩና ረሻድ ካርድ ሊያወጡ ሄዱ። ዘይቱና ነቃች።

«እትዬ፣ ራበኝ።»

«ትንሽ ቆይ የኔ እናት።»

«እንለማመድ።»

«ዛሬ ልምምድ የለም። ዛሬ ዋናው ነው።»

ፔርሙሱን አየች። ቆየችና፣ «ትንሽ ብቻ። እንዳልረሳው» አለችኝ።

እንዳልረሳው! አንጀቴን በላችው። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ጨለማው ውስጥ ራሷን ስታ ብትወድቅስ? ደግሞ ምን ይለያቸዋል? መድኃኒቱ ነጭ፣ ቡላው ነጭ። አንዱ በሄደበት ሌላው ይሄዳል። እህል አይደለም፤ ልምምድ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲፈልግ ጠበቃ አያጣም።

ፔርሙሱን ከፈትኩ። ከትናንት የተረፈው ቡላ አድሮ ረግቷል፤ ማንኪያ ላይ ሲቆም ይንቀጠቀጣል። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ሦስት። በሦስተኛው ላይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምነው?»

«ምንም።»

አፏን በነጠላዬ ጠረግኩና፣ «ለጋሼ እንዳትነግሪው፣ እሺ?» አልኳት። ሽብሩ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እውነት እየነገረ ያደፋፈራትን ልጅ፣ በአንድ አፍታ ነገር መደበቅ አስተማርኳት።

በሦስት ሰዓት ተጠራን። ረሻድ ደጅ ቀረ። ሐኪሙ ረጅም ፈረንጅ ነው፤ ያን ቀይ መነጽር አድርጎ፣ ከበድ ያለ ሽርጥ ታጥቆ ቆሟል። ዘይቱና መነጽሩን ስታይ ወደ ሽብሩ ዞር ብላ ፈገግ አለች። መብራቱ ጠፋ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ሽብሩ መጀመሪያ ራሱ ከመድኃኒቱ ቀመሰ፤ በጨለማ ስለማታየው ሲውጥ ጉሮሮውን በእጇ አስነካት። ከዚያ ኩባያውን ሰጣት።

«ያዢ።»

ያዘች።

«ዋጪ።»

ዋጠች። ልጅቷ ያስተማሯትን ሁሉ አንድም ሳታጎድል ሠራች። ደጋግማ ዋጠች። ከዚያ ማነቅ ጀመራት፤ አሳላት፤ ነጩ ነገር በአፏ ተመለሰ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዝግ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ሽብሩ አልተረጎመም።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ተዘግቷል ነው የሚለው። ምንም አያልፍም።»

ሐኪሙ አሁንም ጠየቀ። ሽብሩ ወደ አማርኛ መልሶ «የበላችው ነገር አለ ወይ ይላል» አለ። እኔን ግን አልጠየቀኝም። ዞር እንኳ አላለም። ራሱ መለሰለት፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ እኛ እንድንሰማ ይመስለኛል በአማርኛ።

«የለም። ባለቤቴ ናት የጠበቀቻት።»

መብራቱ በራ። ዘይቱና አገጯ ነጭ በነጭ ሆኖ ታየኛለች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። እሺ ብላኝ የለ! አሁን ብናገር ምን ይሉኛል? ረሻድ ምን ይለኛል? ሽብሩስ? ምናልባት የተዘጋው በቡላው አይሆንም፣ ምናልባት ድሮም ተዘግቶ ነበር እያልኩ እነሱን ተከትዬ ወጣሁ። ወይ እኔ! ሌላው እንዲህ ቢያደርግ ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምሰድበው።

ደጅ ላይ ሽብሩ ለረሻድ እያስረዳው ነው። ጨርሶ ከተዘጋ በላይ በኩል መሣሪያ መስደድ አይቻልም። ነገ ሆዷን ከፍተው ቱቦ ያስገቡላታል፤ ምግቧን በእሱ ትወስዳለች። ደክማለችና ከሰመመኑ ለመንቃቷም ማንም እርግጠኛ አይደለም።

«በአፏ የምትበላው መቼ ነው?» አለ ረሻድ።

«ላትበላ ትችላለች።»

ረሻድ ያን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ወረቀት ቀረበለት፤ እስክሪብቶ ተሰጠው። ሾፌር ነው፤ ስሙን ይጽፋል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጫር ሲያደርግ አየሁ።

«አትፈርም!» አልኩ። ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። «አትፈርም ረሻድ! አብልቻታለሁ። ዛሬ ጠዋት። ቡላ ሰጥቻታለሁ፤ የረጋ ቡላ።»

ረሻድ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «በዚህች ልጅ ላይ?» አለ ብቻ። «አንቺ? በዚህች ልጅ ላይ?»

ሽብሩ ፊቴን አየው። «ስንት ማንኪያ?»

«ሁለት።»

ዘይቱና የሽብሩን ሸሚዝ ጎተት አድርጋ፣ «ሦስት ነው ጋሼ» አለችው።

አፈር በበላሁ! ሽብሩ ወደ ሐኪሙ ሮጠ።

ሐኪሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ሰጠን፤ በአሥር ሰዓት መኪናው ይነሳል። የረጋው ቡላ ጥበቱ ላይ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል አለ። ለብ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየሰጠናት ቀጥ ብላ እንድትራመድ፣ ካልሆነ እሱ ራሱ በቀጭን ቱቦ እንደሚሞክር ነገረን። እጇን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። ውሃው ይገባል፣ ውሃው ይመለሳል። ረሻድ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ከሩቅ ያየናል፤ አልቀረበኝም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዘይቱና ቆም አለች፤ ጎንበስ ብላ አሳላት፣ አሁንም አሳላት፣ እጄ ላይ አንድ ነጭ ጓል ተፋች። የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህላለች። በዚህች! በዚህች ምክንያት ነው ሆዷ ሊቀደድ የነበረው። ጓሏን ጨብጬ ወደ ሽብሩ በረርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ጨለማው ክፍል ገባን። ሽብሩ ቀምሶ ኩባያውን ዘረጋላት። ዘይቱና እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለኸኛል።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ‹ይኼኛው አይቆጠርም› ይላታል፣ ‹የመጀመሪያው እኮ የውሸት ነበር› ይላታል። ሽብሩ በርከክ ብሎ ፊቷ እኩል ሆነ።

«ብዬሻለሁ። እውነትሽን ነው» አላት። ሕይወቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ቃሉን እኔ ሰብሬበት፣ እሱ እዚያ ወለል ላይ ተንበርክኮ ቀረ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አጠገቡ ተንበረከክሁ። «ዘይቱና፣ ጋሼ አልዋሸሽም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አትብላ ተብዬ አበላሁሽ፣ አትንገሪ አልኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአንቺም አይደለም፣ የእሱም አይደለም።»

አየችኝ። ቆይታ፣ ቆይታ አየችኝ።

«እንግዲያው አንቺም ጠጪ» አለች።

ሐኪሙ ሽብሩ ሲተረጉምለት ሌላ ኩባያ በጠበጠ። ጠመኔ ነው የሚለው ጣዕሙ፤ ምላስ ላይ ይለጠፋል። አፌን ሞልቼ ልውጥ ስል ዘይቱና ጣቷን አነሳች።

«ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። እንባዬ ወረደ፤ እሷ ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ቆጠረችብኝ መሰለኝ። «ዋጪ።»

ዋጥኩ። አፌን ከፍቼ አሳየኋት። ከዚያ እጇን ከኋላዋ አውጥታ ኩባያዋን ተቀበለች።

መብራቱ ጠፋ። «ያዢ» አለ ሽብሩ። የማሽኑ ድምፅ ብቻ። «ዋጪ።» እኔ በጨለማው ውስጥ የራሴን ጉሮሮ ጨብጫለሁ። ሐኪሙ አልተናገረም። «ያዢ… ዋጪ።» አሁንም አልተናገረም። ከዚያ አንዲት ቃል አለ፤ የሽብሩ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁት።

«አለፈ» አለ ሽብሩ። «ካሳዬ፣ አለፈ። እንደ ፈትል ቀጥኗል፣ ግን አለፈ።»

በማግስቱ የሆስፒታሉ ሐኪሞች መሣሪያውን ሰደዱላት። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በኋላ በየወሩ፣ ዓመት ሙሉ። ሁልጊዜ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ረሻድ በሦስተኛው ጉዞ ላይ ማናገር ጀመረኝ፤ ረህማ ከመጀመሪያውም አልተቀየመችኝም። ዘይቱና ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ቁርጥ ሥጋ ትበላለች።

ሽብሩስ? አልተቆጣኝም። «ለምን?» ብሎም አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ድሮ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው እሱ ነበር የሚመልስልኝ። «ካሳነሽ ትመጣለች»፣ «ካሳነሽ ዘግታዋለች»፣ «ካሳነሽ ይህን አታደርግም» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለ እኔ ማንም ምን ቢጠይቀው፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እሷን ጠይቋት» ይላል። በክፋት አይደለም፤ የማያውቀውን አይናገርም፤ ያ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ይቆማል። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለማን እናገራለሁ?

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በመጨረሻ አንጀቱን ታመመ፤ ኦፕራሲዮን ይሁን ተባለ። ማታ ከራስጌው ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። እሱ በጥም ከንፈሩ ሲሰነጠቅ አየሁ፣ «ጠብታ ውሃ» ሲለኝ ሰማሁ፣ አልሰጠሁትም። ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ።

«አባት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የበሉት፣ የጠጡት ነገር አለ?»

«እሷን ጠይቃት» እስኪል ጠበቅኩ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሽብሩ ወደ እኔ አልዞረም። ሐኪሙን እያየ፣ በዚያ በደከመ ድምፁ መለሰ።

«የለም። ባለቤቴ ናት የጠበቀችኝ።»